ጨብሲ ስንል ምን ማለታችን ነው?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። በመድረክ የሚነገር ቃል አይደለም፤ ልጅ በአባቱ ፊት የሚያነሳውም አይደለም። ከዚህ ከአዲሱ ገበያ ወጥታችሁ ወደ ድል በር ወይም ወደ እንቁላል ፋብሪካ በምሽት ብትሄዱ ግን ወጣቶች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩበት ትሰማላችሁ። «ጨብሲ የት ነው?» «የጨብሲ አለህ?» «ትናንት ክፉኛ ጨብሰን አደርን።» ቃሉን የምታውቁ ብዙ ናችሁ። ለማታውቁት አባቶችና እናቶች ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ልጆቻችሁ በየምሽቱ የሚናገሩትን ቃል ማወቅ ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ።

ጨብሲ በመጀመሪያ ትርጉሙ ከጫት በኋላ የሚጠጣ መጠጥ ነው። ሰውየው በርጫ በሚባለው የጫት ሥርዓት ላይ ሲቅም ይውላል። የጫቱ ስሜት፣ ምርቃናው፣ ይጠናል። ሐሳቡ ይሮጣል፣ ልቡ ይመታል፣ አፉ ይደርቃል፣ ሲመሽ ደግሞ ዓይኑ አልከደን ይላል። ይህን ምርቃና ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይጠጣል፤ ያ መጠጥ ጨብሲ ይባላል። ቃሉ ኦሮምኛ ነው፤ «ስበር» ማለት ነው። ከሱሉልታና ከሰላሌ በኩል ወደዚህ ገበያ የሚመጣው ሰው እንጨት ስበር ሲልም፣ ድንጋይ ስበር ሲልም ይህንኑ ቃል ነው የሚናገረው። እንደ በርጫ፣ እንደ ምርቃና፣ ለጫት አምሮት እንደሚባለው ሀራራ ሁሉ ከጫቱ ጋር ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ አማርኛ ገባ። አማርኛም የራሱ አድርጎ አረባው፤ ጨበሰ፣ ይጨብሳል፣ መጨበስ እያለ። ከዚያ ትርጉሙ ሰፋ። ዛሬ ጫት በአፉ ዞሮ የማያውቅ ወጣት እንኳ ከጓደኞቹ ጋር አብዝቶ መጠጣትን ጨብሲ ይለዋል።

በዚህ ቃል ላይ ሰዓታችሁን የምወስድበት ምክንያት አለኝ። ጨብሲ ለመጠጥ ሥራ ሰጥቶታል። ለጨዋታ የሚጠጣ ሰው ጨዋታው ሲደራ ይበቃዋል። ለመስበር የሚጠጣ ሰው ግን የሚሰበረው ነገር እስኪሰበር ድረስ አይበቃውም። የጥፋቱ መነሻ እዚያ ነው እላለሁ፤ ቀጥዬ የምነግራችሁም ይህንን ለማሳየት ነው።

አስቀድሜ ወደ ቆዩት ቃላት ልመልሳችሁ። አማርኛችን በመጠጥ ቃል ድሃ አይደለም። በትንሹ የሚጠጣ ፉት ይላል፣ ይጎነጫል፣ ይቀማምሳል። አብዝቶ የሚጠጣ ይጨልጣል፣ ይገለብጣል፣ ያንደቀድቃል፣ ይጋታል። መጋት የሚለውን አስተውሉት። እናት መድኃኒት አልጠጣም ያለ ልጇን ትግተዋለች፤ የታመመ ከብትም ይጋታል። ሳይወድ የሚጋት አካል ነው። ስለ ሰካራሙ «ተጋተው» ስንል፣ ሰውየው ፈቃድ እንደሌለው ፍጡር ራሱን በራሱ ጋተ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ፍርድ አለበት። የስካሩም ደረጃ ስም አለው፦ ሞቅ አለው፣ ያዘው፣ ናላው ዞረ፣ ጥንብዝ አለ። ነገ ጠዋት ደግሞ ዞረ ድምር አለ። ዞረ ድምር የሒሳብ ሠራተኞች ቃል ነው፤ ከአንዱ የመዝገብ ገጽ ወደ ቀጣዩ የሚዛወረው ድምር ነው። ያ የሒሳብ ቃል የጠጪ ቃል የሆነበትን መንገድ ባሰብኩ ቁጥር የከተማችንን ሰው ብልኀት አደንቃለሁ። ትናንት ያልተዘጋው ሒሳብ ዛሬ ገጽ ላይ ከላይ ተጽፎ ይጠብቃል።

ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ «ስንት?» የሚል ቃል አለ? የለም። አንዱ ስለ አጠጣጡ ይናገራል፣ ሌላው ስለ ውጤቱ። መጠኑ በቃል ውስጥ አልነበረም፤ በሰው እጅ ውስጥ ነበር። ጽዋ የምትጠጡ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ። የመድኃኔዓለም ማኅበር በ27፣ የሚካኤል በ12 ሲወጣ ተረኛው ጠላውን የሚጠምቀው በጋን ልክ ነው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ፣ ተጠንስሶ፣ ተደፍድፎ፣ ቀናት ፈጅቶ የደረሰ ጠላ ባለቀ ጊዜ ሌላ ከየትም አይመጣም። ቀጂ ደግሞ ጠጪው አይደለም፤ አሳላፊ አለ። አሳላፊው ማን እንደሞቀው ያያል፣ ማን ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ ያውቃል፣ የማንን ዋንጫ ዘግየት አድርጎ እንደሚሞላ ያውቃል። ካህኑ አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ እናቶች አሉ፣ ምግቡ ቀርቧል። የሚጠጣው በሰው ዓይን ሥር ነው።

ድሮ ሰካራም አልነበረም ማለቴ አይደለም። የሆድን ብቅል ያወጣዋል ብሎ የተረተ ሕዝብ ስካርን አሳምሮ ያውቃል፤ በስካር የፈረሰ ትዳርም፣ የተገደለ ሰውም በየዘመኑ አለ። የምለው፣ መጠጡን ከጠጪው ውጭ የሆነ ሰው ይለካው የነበረበት ሥርዓት ነበረን ነው። በጨብሲ ጊዜ አሳላፊ የለም። ምግብም ብዙ ጊዜ የለም፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ሰውየው ባዶ ሆዱን ነው ወደ ብርጭቆው የሚሄደው። ባዶ ሆድ ላይ የወረደ አልኮል ደግሞ ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል።

አሁን ሰውነት ውስጥ ወደሚሆነው ልግባ። ጫት ውስጥ ዋናው አነቃቂ ካቲኖን የሚባለው ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ ሌሊት ሌሊት የሚያጣድፈው ለዚህ ነው። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን ኬሚካሎች ያስለቅቃል፤ ደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። አልኮል በተቃራኒው አንጎልን ያረጋጋል፣ ያደነዝዛል። ስለዚህ ጠጪው «አንዱ አንዱን ያጠፋዋል» ብሎ ያስባል።

አያጠፋውም። የሚሆነው መሸፋፈን ነው። ምርቃና ላይ ያለ ሰው የአልኮሉ ድካምና ድብርት ቶሎ አይሰማውም፤ በሌላ ቀን በሁለት ቢራ ሞቅ የሚለው ሰው በአራተኛውም ገና ምንም አልተሰማኝም ይላል። ስለዚህ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን ያዝዛል። ዳሩ ግን የጫቱ ኃይል ከአልኮሉ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ እስከዚያ የተጠራቀመው ስካር በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። «ደህና ሲያወራ ቆይቶ በድንገት ወደቀ» የሚባለውን የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። እንቅልፉም እንቅልፍ አይደለም። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከዚያ በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ያባንናል፣ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሰውየው ተኝቶ ያድራል እንጂ አርፎ አያድርም።

እዚህ ላይ ሌላ ቃል አለ። በጠዋት የሚቃመው ጫት ኢጀበና ይባላል፤ እሱም ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ዓይን መክፈቻ ማለት ነው። አሁን ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በማታ የጠጣው ሰው ዞረ ድምር ይዞት ይነሳል፤ ዓይኑ እንዲከፈት ኢጀበና ያስፈልገዋል። ዓይኑ የተከፈተው ሰው ማታ አልተኛም ይላል፤ ምርቃናው እንዲሰበር ጨብሲ ያስፈልገዋል። አንዱ የሌላውን ምክንያት ይሠራል። ወጣቱ መጠጥ ወዶ የጀመረ ላይሆን ይችላል፤ ጫቱ ጠርቶለት ነው። ወይም ጫት ወዶ የጀመረ ላይሆን ይችላል፤ የፈተና ጊዜ ለማንበብ፣ ሌሊት ለመሥራት፣ ታክሲ ለመንዳት ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ መክፈቻና መስበሪያ ቀኑን ለሁለት ይካፈሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ሁሉም ይጨብሳሉ ማለት አይደለም፤ በሩ የሚከፈትላቸው ሰዎች ግን ጥቂት አይደሉም።

ሌሎች ሕዝቦችም ከባድ መጠጥን የሚጠሩበት የራሳቸው ቃል አላቸው። ሩስያውያን ለቀናት ሳያቋርጡ መጠጣትን ዛፖይ ይሉታል፤ ቀናቱ በቃሉ ውስጥ አሉ። እንግሊዞች ቢንጅ ይሉታል፤ በገጠር አነጋገራቸው የእንጨት ዕቃ እንዳያፈስ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ማለት ነበር። የእኛው ጨብሲ ከሁለቱም የሚለየው መጠጡን መድኃኒት ማስመሰሉ ነው። «ልስከር» ብሎ የሚወጣ ልጅ እናቱ ትቆጣዋለች። «ልጨብስ» ብሎ የሚወጣ ልጅ ግን ለራሱም ለጓደኞቹም የሚያቀርበው ምክንያት አለው፦ ምርቃናዬን ልስበር፣ ልተኛ፣ ነገ ሥራ አለኝ። በምክንያት የታጀበ ጥፋት ይቆያል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

እስቲ አሁን አብረን እንቁጠር። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ መቀመጫ 60 ግራምና ከዚያ በላይ ንጹሕ አልኮል መጠጣትን ከባድ መጠጣት ብሎ ይመድበዋል። 60 ግራም በእኛ ዕቃ ስንት ነው? 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም አልኮል አለው፤ በ5 ቢራ መስመሩ ታልፏል። አረቄ ብዙ ጊዜ 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ መለኪያው 50 ሚሊ ሊትር ቢይዝ አንዱ መለኪያ 18 ግራም ያህል ነው፤ አራተኛው መለኪያ ሳያልቅ መስመሩ ታልፏል። ጠጅ 10 በመቶ ቢሆንና ብርሌው ሩብ ሊትር ቢይዝ 3 ብርሌ ብቻ 60 ግራም ያህል ይሆናል። ጉሽ ጠላ ከሁሉም ይቀላል፤ 3 በመቶ ብንለው ግማሽ ሊትር 12 ግራም ያህል ይሆናል፣ 5 ጊዜ ከተቀዳ ያው 60 ግራም ነው። ፊልተር ጠላ የሚባለው ደግሞ ከተራው ጠላ በጣም ይጠነክራል፤ ቢራን የሚያህልም አለ።

ይህን በየቤታችሁ ስትቆጥሩት አንድ ነገር ታያላችሁ። አብዛኛው «ትንሽ ነው የጠጣሁት» የሚል ወጣት ውሸታም አይደለም። በመለኪያ የመጣ አረቄ ሲታይ በእርግጥ ትንሽ ነው። ዓይን የሚያየው ፈሳሹን ነው፤ ጉበት የሚቆጥረው አልኮሉን ነው።

ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም ነው። ቡና ቢጠጣበት፣ ሎሚ ቢመጠጥበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ ቢደፋበት ይህ ፍጥነት አይለወጥም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ 8 ቢራ የጠጣ ሰው 104 ግራም አልኮል ወስዷል። ያንን ለማጽዳት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ ከዚያም አልፎ እስከ 15 ሰዓት ይፈጃል። በንጋቱ 12 ሰዓት ሚኒባሱን አስነስቶ ከአዲሱ ገበያ ወደ ፒያሳ ቁልቁል ሲወርድ አልኮሉ ገና ደሙ ውስጥ ነው። እሱ ተኝቼ ተነሥቻለሁ ይላል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ምንም አያውቅም። እዚህ መካከል ሾፌሮችና ረዳቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከዛሬው ንግግሬ ሁሉ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል።

ስለ ሕጉም ጥቂት ልበል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የበዓል ፕሮግራም ያለ ቢራ ፋብሪካ ስፖንሰር የማይታሰብ ሆኖ ነበር። ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው ስም ወዳለው፣ ፈቃድ ወዳለው መጠጥ ነው። ጨብሲ ስፖንሰር የለውም፤ የሚያስተዋውቀው ጓደኛ ለጓደኛ ነው። የ17 ዓመት ልጅ መታወቂያ የማይጠየቅባቸውን ቤቶች እናንተ ከእኔ የተሻለ ታውቋቸዋላችሁ። የአካባቢው ሰው በራሱ ዓይን የማይጠብቀውን በር አዋጅ ብቻውን አይዘጋውም።

እዚህ ላይ ግን እንድትጠነቀቁልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ስለ መጠጥ በተነገረ ቁጥር የመጀመሪያው ወቀሳ ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ በምትሸጠው እናት ላይ ይወርዳል። በእንጦጦ ግርጌ፣ በቀጨኔ፣ በዚህም በአዲሱ ገበያ በረንዳ ላይ ጣሳ በእንጨት ሰቅላ ልጆች ያስተማረች እናት ብዙ ናት። እሷ የያዘችው ከአያቶቿ የወረሰችውን ሙያ ነው። በጭስ ዓይኗ የሚጠፋው፣ ጋን ስትሸከም ወገቧ የሚጎብጠው እሷ ናት። ልጆቹን የምታውቃቸው፣ የእናታቸውን ስም ጠርታ «በቃህ፣ ሂድ ተኛ» ማለት የምትችለውም እሷ ናት። የድሮው አሳላፊ ዛሬ ካለ፣ ያለው በእሷ ቤት ነው። እንድትዘጋ ከመጮህ ይልቅ ልጆችን እንድትመልስ፣ ምግብ ሳይበላ ለመጣ እንዳትቀዳ፣ መኪና ለሚነዳ እንዳትቀዳ ብንመክራት ይሻላል። ይህ የእኔ እምነት ነው፤ የማይስማማ ካለ ከንግግሩ በኋላ ልሰማው ዝግጁ ነኝ።

የጉዳቱን ነገር ረጅም አላደርገውም፤ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ዙሪያ ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። አልኮል ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጠ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የጡት ካንሰር ከነዚህ ይገኙበታል። የጫትና የአልኮል ጥምረት ደግሞ ልብን ሁለት ጊዜ ያደክማል።

ወደ መፍትሔው ልምጣ፤ እሱም ከቤት ይጀምራል። ልጃችሁ ማታ አምሽቶ ሲመጣ «ሰከርክ እንዴ?» ብላችሁ አትጠይቁት። መልሱ ሁልጊዜ «አልሰከርኩም» ነው፤ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ደግሞ በእርግጥም የሰከረ አይመስለውም። በነጋታው፣ ቁጣው ሲበርድ፣ ቁርስ ላይ ሳላችሁ ስንት እንደጠጣ ጠይቁት። ምን እንደጠጣ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደጠጣ፣ ከመጠጣቱ በፊት በልቶ እንደነበር ጠይቁት። አትውቀሱት፤ አብራችሁ ደምሩት። «ጨበስኩ» ያለውን «7 ቢራና 2 መለኪያ ጠጣሁ» ብሎ በአፉ ሲናገረው ምሽቱ ሌላ ምሽት ይሆንበታል። እናንተም ወጣቶች፣ በጓደኛችሁ ላይ ይህን አድርጉ። ጫቱን ሳይነኩ ጨብሲውን ብቻ መተው ከባድ ነው፤ የሚያስጠጣው አለመተኛቱ ነውና። ከሁለቱ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ጫቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የማይቅም ሰው ማታ የሚሰብረው ነገር አይኖረውም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስባለሁ። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው ካላችሁ በር ቆልፋችሁበት፣ መጠጡን ደፍታችሁ በአንድ ቀን አታስቁሙት። በፍቅር የተደረገ ቢሆንም ሊገድለው ይችላል። መጠጥ የለመደ አንጎል መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት፣ ከመጨረሻው ብርጭቆ ከ6 ሰዓት በኋላ ጀምሮ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መጨመር ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ የሚጥል በሽታ ዓይነት ምልክት ሊመጣ ይችላል። ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ሰው አለመለየት፣ ኃይለኛ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ሌላ ነገር ይመስለዋል፤ ወደ ሌላ ቦታም ይዞት ይሮጣል። ይህ ግን የመጠጥ መቋረጥ ሕመም ነው፤ በሐኪም እጅ በመድኃኒትና በቫይታሚን ይታከማል። ጸበል መውሰድ የምትፈልጉ ውሰዱት፤ ግን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ፣ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ይሁን። በክፍለ ከተማችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ፤ መርካቶ አጠገብ ደግሞ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

እዚያ ስትደርሱ ሐኪሙ የሚጠይቀው የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበትን ሰዓት፣ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣና ምን እንደሚጠጣ፣ አብሮም ጫት የሚቅም መሆኑን ነው። በሽተኛው ራሱ ሊመልስ አይችል ይሆናል። አስታማሚው እነዚህን አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ ይያዝ፤ ሰዓቱንም በትክክል ይጻፈው፣ ሐኪሙ ከዚያች ሰዓት ተነሥቶ ነው የሚቆጥረው።